ነጭ ጥጥ የመሰለው ነገር፣ የሞቀው ውሃና የእኛ እጆች

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በምታጠምድበት ሐይቅ ባለፉት ሦስት ሳምንታት የያዝካቸው ዓሦች ጎናቸው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገርና ቀይ ቁስል እንዳለባቸው፣ ከለቀቅካቸውም አንዳንዶቹ በማግስቱ ሆዳቸውን ገልብጠው እንደተንሳፈፉ ጽፈሃል። በሽታው ምንድን ነው፣ ማጥመዴን ላቁም ወይ፣ ወደ ሌላ ውሃ ብሄድስ ይዤው እሄዳለሁ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዘንግ ይዤ ውሃ ዳር ቆሜአለሁ፤ ያየኸውን ነገር በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ከዚያ ልጀምር።

ሙቀቱ የበረታበት ወቅት ነበር። አንዲት ትንሽ ሐይቅ ላይ ዓሣው መንጠቆ ሳይመርጥ ይበላ ነበር፤ አሥራ አራት ይዤ አሥራ አራቱንም ለቀቅኩ። እያንዳንዱን በደረቅ እጄ ጨብጬ፣ ጠጠር ላይ አጋድሜ፣ ፎቶግራፍ አንስቼ ነው የለቀቅኩት። ሁሉም ጭራቸውን እየመቱ ሲሄዱ አይቼ በደስታ ቤቴ ገባሁ። በአምስተኛው ቀን ተመልሼ ስመጣ ዳር ዳሩን ቀስ እያለ የሚዋኝ አንድ ዓሣ አየሁ። ጎኑ ላይ ነጭ ሻጋታ በቅሎበታል። የሻጋታው ቅርጽ ግን አራት ጣት ነበር፤ የሰው እጅ የጨበጠበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ዓሣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ውሃ ሳላስነካ ዓሣ ነክቼ አላውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። የዓሣ ቆዳ ላይ ያለው የሚያንሸራትት ዝልግልግ ሽፋን የዓሣው ጋሻ ነው፤ ጀርም የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የሚገኙት በእሱ ውስጥ ነው። ደረቅ እጅ፣ ደረቅ ድንጋይና ቋጠሮ ያለው የናይሎን መረብ ይህን ጋሻ ይልጡታል፤ ቅርፊቱንም ያነሱታል። ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው የውሃ ሻጋታ ዘር ደግሞ በየወንዙና በየሐይቁ ሁልጊዜ አለ። ጤነኛ ቆዳ ላይ እምብዛም አይበቅልም፤ የተላጠ ቦታ ሲያገኝ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥጥ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ነጩን ነገር ስታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሻጋታ ከየት መጣ?» ሳይሆን «ዓሣውን ቀድሞ ያቆሰለው ወይም ያዳከመው ምንድን ነው?» ይሁን።

ሁሉም ነጭ ነገር ሻጋታ እንዳልሆነም እወቅ። ዓሣውን ከውሃ ሳታወጣ ተመልከተው፤ ሻጋታ ውሃ ውስጥ እንደ ጥጥ ተበትኖ ይቆማል፣ አየር ላይ ሲወጣ ግን ይተኛና ንፍጥ ይመስላል። ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቢጫ አድልቶ፣ ጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ የተቀመጠ ወይም አፉን የከበበ ከሆነ ኮሎምናሪስ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ በሞቀ ውሃ በፍጥነት የሚገድል ነው፤ ስንጥቡንም ይበላል። ቀያዮቹ ቁስሎች ብዙ ጊዜ ኤሮሞናስ ከሚባሉ ባክቴሪያዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ በውሃው ውስጥ ነዋሪ ናቸው፤ ዓሣው ሲደክም ነው የሚበረቱት። ቆዳ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ብቻ ካየህ ግን ብዙ አትጨነቅ፤ በቀንድ አውጣና በውሃ ወፎች በኩል የሚዞር ጥገኛ ትል ነው፣ ዓሣውን እምብዛም አይጎዳውም።

አሁን ወደ ውሃው። ሐይቁ እንደሞቀ ጽፈሃል፤ ለእኔ የጥያቄህ ዋና ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ከ7 ተኩል አይበልጥም። ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ከዚህም ያነሰ ይይዛል። ዓሣው ደግሞ ውሃው በሞቀ ቁጥር ሰውነቱ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ፍላጎቱ ሲያድግ አቅርቦቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ብዙ ዓይነት ዓሣ ይጨነቃል፤ መብላት ይተዋል፤ በሽታ የመከላከል አቅሙም ይዳከማል።

የቀኑ ክፉ ሰዓት ብዙዎች እንደሚያስቡት እኩለ ቀን አይደለም። አልጌና የውሃ ዕፅዋት ቀን ኦክስጅን ይሠራሉ፤ ሌሊት ግን እነሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ኦክስጅኑ እጅግ የሚያንሰው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ውሃው አረንጓዴ ከሆነና ሁለት ሦስት ቀን ደመና ከዋለ ችግሩ ይብሳል። ሐይቅህን ለመመርመር ከፈለግህ ጸሐይ ሳትወጣ ሂድና ቁም። ዓሦች አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ አውጥተው ሲከፍቱና ሲዘጉ ካየህ ውሃው ታፍኗል። አምባዛ ካለ በእሱ አትፍረድ፤ እሱ አየር መሳብ የሚያስችል ተጨማሪ አካል ስላለው ሌላው ሲሞት ይተርፋል። ቆሮሶም ቢሆን ከብዙዎቹ የበለጠ ቻይ ነው።

የሞቱትንም አስተውል። ትልቅ ትንሽ ሳይል፣ ልዩ ልዩ ዓይነት ዓሣ በአንድ ንጋት አንድ ላይ ተንሳፍፎ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የኦክስጅን እጥረት ወይም ወደ ውሃው የገባ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ዓሣ ብቻ፣ ዛሬ ሦስት ነገ አምስት እያለ በቀናት ውስጥ ከሞተ ግን ወደ በሽታው አስብ። አንተ የጻፍከው፣ ማለትም የተያዙትና የተለቀቁት በማግስቱ መሞታቸው፣ ሦስተኛ መንገድ ይጠቁመኛል፤ በሙቀት የተዳከመ ዓሣ የመንጠቆውን ትግል አልቻለም። ይህን ስጽፍ አንተን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ለዓመታት ያደረግኩት ነው።

በዚህ ጉዳይ ሐሳቤን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የታተመ ጥናት ነው። ቀስተ ደመና ትራውት የተባሉትን ዓሦች እስኪደክሙ አባርረው፣ ከፊሎቹን ከውሃ ሳያወጡ፣ ከፊሎቹን ለ30 ሰከንድ፣ ከፊሎቹን ለ60 ሰከንድ አየር ላይ አቆዩአቸው። አየር ያልነካቸው 88 በመቶ ተረፉ። 30 ሰከንድ የቆዩት 62 በመቶ፣ አንድ ደቂቃ የቆዩት ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው የተረፉት። ሲለቀቁ ዋኝተው መሄዳቸው መትረፋቸውን አያሳይም ነበር፤ ሞቱ የመጣው በቀጣዮቹ ሰዓታት ነው። አንድ ፎቶግራፍ ለማንሳት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅብህ ቁጠርና ፍረድ። ሁሉም ዓሣ እንደ ትራውት ስስ አይደለም፤ መንገዱ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

እንግዲህ «ላቁም ወይ?» ላልከው፣ አዎን፣ ለጊዜው አቁም። ውሃው እስኪቀዘቅዝና ሟቾቹ እስኪጠፉ ድረስ ይህን ሐይቅ አሳርፈው። ይህን የምለው በስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በአሜሪካ ሞንታና ክፍለ ግዛት የሎውስቶን ወንዝ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ዓሦች ኩላሊት በሚያጠቃ ጥቃቅን ተውሳክ አለቁ። ወንዙ አንሶና ሞቆ ስለነበር ተውሳኩ በረታ። ባለሥልጣናቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የወንዙን ክፍል ከነገባሮቹ ዘጉ፤ ዓሣ ማጥመድ ብቻ ሳይሆን ጀልባና ዋናም ተከለከለ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር፤ የቀረው ዓሣ እንዳይጨነቅ፣ ተውሳኩም በሰው ዕቃ ወደ ሌላ ውሃ እንዳይሄድ። ትራውት የሚያጠምዱ ሰዎች ውሃው 20 ዲግሪ ሲደርስ ዘንጋቸውን ያጥፋሉ። ቴርሞሜትር ትንሽ ዕቃ ነው፤ በቦርሳህ ይኑር፣ ከመንጠቆው በፊት እሱ ውሃ ይንካ።

ሌላ ጤነኛ ውሃ ላይ ስታጠምድ ደግሞ አያያዝህን ለውጥ። ጠንከር ያለ ክር ተጠቅመህ ዓሣውን ሳታደክም ቶሎ አምጣው። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የተመለሰች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቃት፤ መንጠቆው ያለ ትግል ይወጣል። ቋጠሮ የሌለው የጎማ መረብ ያዝ፤ ዓሣውን መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ አላቀው። በስንጥቡ አትያዘው። መንጠቆውን ዋጥ አድርጎት ከሆነ ክሩን አጠገቡ ቆርጠህ ተወው፤ ጎትቶ ማውጣት ይገድለዋል። በሙቀት ወቅት ዓሦችን በማቆያ መረብ አጉሮ ማዋልን እኔ ፈጽሞ ትቼዋለሁ፤ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ይታፈናሉ፣ የታመመው ጤነኛውን ይነካል።

ሦስተኛው ጥያቄህ፣ «ይዤው እሄዳለሁ ወይ?» የሚለው፣ እንቅልፍ ሊነሳን የሚገባው ነው። አንድ ወዳጄ በትንሽ ኩሬው ካርፕ ያረባ ነበር። አንድ ቀን ከሌላ ሐይቅ በቀጥታ መጥቼ እርጥብ መረቤን ኩሬው ውስጥ ነከርኩ። ከሳምንታት በኋላ ካርፖቹ ዓይናቸው ሰርጉዶ፣ ስንጥባቸው ተልጦ ማለቅ ጀመሩ። ምክንያቱ መረቤ ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም፤ ወዳጄም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እርጥብ ዕቃ ከውሃ ወደ ውሃ አላሻገርኩም። የካርፕና የኮይ (ለጌጥ የሚረባ የካርፕ ዓይነት) ሄርፒስ ቫይረስ የሚባለው በሽታ ለምሳሌ ውሃው ከ16 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ይነሳል፤ የተረፉት ዓሦችም ጤነኛ መስለው ቫይረሱን ተሸክመው ይኖራሉ። ስለዚህ «የያዝኩት ዓሣ ደህና ይመስላል» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ኖርዌይ የደረሰባትን ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የተባለ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ተውሳክ ከሌላ አገር በመጡ የሳልሞን ጫጩቶች ገባ። ወደ 50 የሚጠጉ ወንዞችን ያዘ። ብዙዎቹን ለማጽዳት ወንዙን በመርዝ አጥቦ ያለውን ዓሣ ሁሉ ከመግደል ሌላ አማራጭ አልተገኘም። ዛሬም በዚያ አገር አጥማጅ ወንዝ ከመቀየሩ በፊት ዕቃውን በፀረ ተውሳክ ያጥባል ወይም ጨርሶ ያደርቃል።

የአንተ ሥራ ግን ቀላል ነው። ከውሃው ሳትርቅ ጭቃውንና ሣሩን ከጫማህ፣ ከመረብህና ከክርህ አራግፍ፤ በብሩሽ ፈትግ። ቤትህ ስትደርስ 45 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፈው፤ ከዚያ ጸሐይ ላይ ስቀለው። ሲነኩት ደረቅ ከሆነ በኋላም ቢያንስ ሁለት ቀን ጨምርበት፤ የመረብ ስፌትና የጫማ ሶል ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያልና። ሁለት መረብ መያዝና እያፈራረቁ መጠቀም እኔን ከብዙ ጭንቀት አሳርፎኛል። የተረፈህን ማባበያ ዓሣና የነበረበትን ውሃ ሐይቅ ውስጥ አትድፋ፤ ደረቅ መሬት ላይ ድፋው። ዓሣም ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው በሕይወት አታዛውር፣ ለበጎ ብለህም ቢሆን። መድኃኒት ወይም ጨው ወደ ሐይቁ ልጨምር የሚል ሐሳብ ከመጣብህም ተወው፤ በገንዳ የሚሠራ ነገር በሐይቅ አይሠራም፣ ሌላውን ሕይወት ይጎዳል።

የታመመውን ዓሣ ስትነካ ጓንት አድርግ፣ በተለይ እጅህ ላይ ቁስል ካለ። አብዛኛው የዓሣ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በቁስል ገብቶ የሰውን ቆዳ ለወራት የሚያስቸግር ባክቴሪያ ግን አለ። ቁስል ያለበትን ዓሣ አትብላው።

ለአካባቢህ የዓሣ ሀብት ወይም የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ዛሬውኑ አመልክት። ሲመጡልህ የሚጠቅማቸው ነገር ይህ ነው፤ የትኛው ዓይነት ዓሣ ስንት እንደሞተ፣ በየትኛው ቀን፣ የውሃው ሙቀት፣ የቁስሉና የስንጥቡ ፎቶግራፍ። ናሙና ከጠየቁህ ሊሞት የተቃረበ ወይም አሁን የሞተ ዓሣ በላስቲክ ከረጢት አድርገህ በረዶ ላይ አስቀምጠው፤ ራሱ በረዶ ሆኖ እስኪጠጥር ድረስ ግን አታቀዝቅዘው። ሲንሳፈፍ የዋለና የሸተተ ዓሣ ለምርመራ አይሆንም።

ነገ ንጋት ላይ ሂድና የውሃውን ሙቀት ለካ፤ ዓሦቹ ከላይ አፋቸውን እየከፈቱ እንደሆነ እይ፤ ነጩ ነገር ጥጥ ነው ወይስ ኮርቻ የሚለውንም ለይተህ ጻፍልኝ። ከሥራ እንደወጣሁ አነበዋለሁ።