ጁሪ ዱቲ ደረሰኝ፣ ምን ላድርግ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወንድሜ ከመኪናው ፖስታ አውጥቶ አሳየኝ። ከፍርድ ቤት የመጣ ነው። ከደረሰው ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ አልከፈተውም። «ማን ከሰሰኝ?» ነበር ያለኝ። ከፍተን አየነው፤ ማንም አልከሰሰውም፣ ለጁሪ ነው የተጠራው። እዚያው ቆመን ስናወራ ሰው ተሰበሰበ፣ ሁሉም የየራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ። ያኔ ነው «ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ» ያልኩት።

ጠበቃ አይደለሁም። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ዜግነት ከወሰድኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ፤ አንዴ ሳልመረጥ ተመለስኩ፣ አንዴ ተመርጬ በወንጀል ጉዳይ ላይ ተቀመጥኩ። ለብዙ ሰውም ፎርም ሞልቻለሁ። ግዛቱ ሲለያይ ደንቡም ስለሚለያይ ደብዳቤያችሁ ላይ ያለውን ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ጁሪ ምንድነው የሚሠራው? ዳኛ እያለ እኛን ለምን ይጠሩናል?

አገራችን ጁሪ ስለሌለ ግራ ቢገባህ አይገርምም። ኢትዮጵያ ውስጥ ማስረጃ ሰምቶ ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም የሚለው ዳኛው ነው። እዚህ አሜሪካ ግን ከባድ ወንጀል ሲሆን ተከሳሹ ከሕዝብ በተጠሩ ተራ ሰዎች የመዳኘት መብት አለው። ዳኛው ሕጉን ያስረዳል፣ ሥርዓት ያስከብራል፤ ነገሩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ድሮ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ «በሕግ አምላክ» ተባብሎ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ያደርግ እንደነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል አይደል? ለእኔ ጁሪ የገባኝ በዚያ በኩል ነው።

በፌደራል ፍርድ ቤት በወንጀል ጉዳይ የሚቀመጡት 12 ሰዎች ናቸው። ጥፋተኛ ለማለት ሁሉም መስማማት አለባቸው። ሉዊዚያናና ኦሪገን በ10 ሰው ድምፅም ይፈርዱ ነበር፤ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን አስቀረው። ቅጣቱን በአብዛኛው ዳኛው ነው የሚወስነው። እዚህ ቨርጂኒያ ግን እስከ 2021 ድረስ ጁሪው ቅጣቱንም ይወስን ነበር። አሁን ተከሳሹ ራሱ ካልጠየቀ በቀር ለዳኛው ተትቷል።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ደብዳቤው ግን መጣልኝ። ልሂድ?

እህቴ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ልብ ብሎ ያንብበው። በጁሪ መቀመጥ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ስማችሁን የሚያገኙት ከመራጮች መዝገብና ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ስለሆነ ዜጋ ያልሆነ ሰውም ደብዳቤ ይደርሰዋል። ፎርሙ ላይ ዜጋ ነሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። «አይደለሁም» በይ፣ ፈርሚ፣ መልሰሽ ላኪ፣ ከመላክሽ በፊት ግን ኮፒውን አስቀሪ። አለቀ።

ለማገልገል ፈልጎም ይሁን ሳያነብ «አዎ፣ ዜጋ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ግን ትልቅ ችግር ውስጥ ይገባል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር እስከማስወጣት የሚያደርስ ጥፋት ነው፤ የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ላይም ይሄ በግልጽ ይጠየቃል። በስህተት እንዲያ አድርጋችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ፤ ለዜግነት እስክታመለክቱ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ደብዳቤውን ብጥለውስ? ደረሰኝ አላልኩ።

እባክህ አትጣለው። በፌደራል ፍርድ ቤት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ 3 ቀን ሊታሰር ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊታዘዝበት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሁለተኛ ደብዳቤ ይልካሉ። መልስ መስጠት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከእኛ ሰፈር የሚጠራው ሁሉ ፖስታውን ከጣለ፣ የእኛ ልጅ ተከሶ የቀረበ ቀን እዚያ ወንበር ላይ የእኛን ኑሮ የሚያውቅ አንድም ሰው አይኖርም። ይሄ ለእኔ ከቅጣቱ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምነዳው። አንድ ሳምንት ከቆምኩ የቤት ኪራይ አልከፍልም። ይከፍሉናል?

ይከፍላሉ፣ ግን አይበቃም። በፌደራል ፍርድ ቤት በቀን 50 ዶላርና የመጓጓዣ ነው። የግዛቶቹ ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ለመጀመሪያው ቀን ምንም የለም፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ 15 ዶላር ነው። በፌደራል ደረጃ ቀጣሪ ሠራተኛውን ጁሪ ሄድክ ብሎ ማባረር አይችልም፤ ለራሱ ለሚሠራ እንዳንተ ዓይነት ሰው ግን ያ ሕግ ኪሱ ውስጥ ምንም አያስገባም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ቀጠሮ እንዲቀየርልህ ጠይቅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠይቅ በአብዛኛው ያለ ጭቅጭቅ ይቀይሩልሃል፤ ሥራ የሚቀዘቅዝበትን ወር ምረጥ። ሁለተኛ፣ የእውነት የማትችል ከሆነ የገንዘብ ችግር እንዳለብህ ጽፈህ የገቢ ማስረጃህን አያይዝ። ኪራይህ ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት እንደምታገኝ፣ ስንት ልጅ እንደምታሳድግ በቁጥር ጻፈው። «ሥራ አለብኝ» ብቻ ካልክ ሁሉም ሰው ሥራ አለበት። ጉዳዩ ረዥም መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ዳኛው ራሱ «ይሄን ያህል ጊዜ መቀመጥ የማይችል አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ እጅህን አውጣ።

ጥያቄ፦ የሌሊት ሺፍት ነርስ ነኝ። ቀን ፍርድ ቤት፣ ማታ ሥራ ሊሉኝ ይችላሉ?

ቨርጂኒያ ከሆንሽ አይችሉም። መንገዱን ጨምሮ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለፍርድ ቤት ያዋለ ሰው በዚያው ቀን ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱም ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት የሚጀምር ሺፍት እንዲገባ ሊገደድ አይችልም፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ኮፒውን ለአለቃሽ ስጪ።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ዜጋ ነች፣ እንግሊዝኛ ግን አትችልም።

ብዙ ቦታ፣ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን ጨምሮ፣ 70 ካለፋቸው ሲጠይቁ ይቀርላቸዋል። ፎርሙ ላይ ቦታ አለው። ፎርሙን ስትሞይላቸው አንቺ እንደሞላሽው ጻፊ። ቋንቋውም ራሱ በቂ ምክንያት ነው፤ ለጁሪ አባል አስተርጓሚ አይመደብም። እኔ የማውቀው ልዩ ቦታ ኒው ሜክሲኮ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ እንግሊዝኛ የማይችል ዜጋም እንዲቀመጥ ስለሚፈቅድ አስተርጓሚ ያቀርባሉ።

እንግሊዝኛችሁ ዘዬ ስላለው ብቻ ግን «አልችልም» አትበሉ። የእኔም ዘዬ አለው። በየቀኑ ሥራ ላይ የምትግባቡበት እንግሊዝኛ ካላችሁ ይበቃል።

ጥያቄ፦ «ጁሪ ስለቀረሽ የእስር ትእዛዝ ወጥቶብሻል፣ አሁን ክፈይ» ብለው ደወሉልኝ። እውነት ነው?

ሌቦች ናቸው። ዝጊባቸው። ፍርድ ቤት ስልክ ደውሎ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም በስልክ አይጠይቅም፤ የሚጽፈው በፖስታ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት እንዲህ ተደውሎላቸው፣ ስልኩን እንዳይዘጉ ታዘው፣ እየተንቀጠቀጡ ጊፍት ካርድ ሊገዙ ሱቅ ሄዱ። የመደብሩ ገንዘብ ተቀባይ ልጅ ፊታቸውን አይታ «ማነው እየደወለልዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው እንጂ የወር ወጪያቸው አልቆ ነበር። ለእናቶቻችሁ ዛሬ ንገሯቸው። በደብዳቤ ሳይሆን በስልክ ከመጣ ውሸት ነው በሏቸው።

ጥያቄ፦ ስትመረጥ ምን ይጠይቁሃል? ሀበሻ መሆኔን አይተው ያስወጡኛል?

ሥራህን፣ ቤተሰብህን፣ ወንጀል ተፈጽሞብህ ያውቅ እንደሆነ፣ ፖሊስ ዘመድ እንዳለህ፣ ከተከሳሹ ወይም ከምስክሮቹ የምታውቀው ሰው እንዳለ ይጠይቁሃል። ምለህ ነው የምትመልሰው፣ እውነቱን ተናገር። ሰው ፊት ማውራት የሚከብድህ ነገር ካለ ለዳኛው ለብቻ ልንገርዎ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። ሁለቱም ወገን ምክንያት ሳይሰጡ የሚያስወጡት የተወሰነ ሰው አላቸው። በዘሩ ብቻ ግን ሰው ማስወጣት ከ1986 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ባትሰን የሚባለው ውሳኔ ነው ይሄን ያመጣው። ካስወጡህ በግል አትውሰደው። እኔን መጀመሪያ የመለሱኝ ከጠዋት እስከ ከሰዓት አስቀምጠው ነው።

ጥያቄ፦ ምስክሩ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆንና አስተርጓሚው ቢሳሳትስ?

ይሄን የጠየቅከው ልጅ፣ በጣም ወደድኩልህ። ማስረጃ ሆኖ የሚቆጠረው አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ ያለው ነው። አንተ በአማርኛ የሰማኸውን ይዘህ፣ ለመወሰን ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ለሌሎቹ 11 ሰዎች «እንዲህ ሳይሆን እንዲያ ነው ያለው» ማለት አትችልም። ስህተት ከሰማህ ወዲያው በወረቀት ጽፈህ በችሎቱ ሥርዓት አስከባሪ በኩል ለዳኛው ላክ። ሲመርጡህም አማርኛ እንደምትችል አስቀድመህ ተናገር።

ጥያቄ፦ «አትፍረዱ» ተብሏል። ለእኛ ለክርስቲያኖች ኃጢአት አይሆንም?

እኔም ተጨንቄበት ነበር፣ የንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ። እሳቸው «እውነቱን መመስከርና ቂም ይዞ መፍረድ አንድ አይደለም» አሉኝ። እዚያ ተቀምጠህ የምትመልሰው ዐቃቤ ሕጉ ያለውን አስረድቷል ወይስ አላስረዳም ለሚለው ነው፤ የሰውየውን ነፍስ እየመዘንክ አይደለም። ኅሊናህ እምቢ ካለህ ግን ለዳኛው በግልጽ ንገረው። የሚያሰናብት አለ፣ የማያሰናብትም አለ።

ጥያቄ፦ ለባለቤቴ ማውራት እችላለሁ?

ጉዳዩ እስኪያልቅ ለማንም። ፌስቡክ ላይ መጻፍ የለም፣ ቦታውን ሄዶ ማየትም ሆነ የተከሳሹን ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግ የለም። ለዚህ ብለው ሙሉ ችሎት አፍርሰው እንደገና ሊጀምሩ ይችላሉ። ሲያልቅና ዳኛው ሲያሰናብታችሁ ማውራት ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንተ ስትቀመጥ ምን ነበር? ክፍሉ ውስጥ ምን ይባላል?

ማታ ላይ የአንዲት ሴት ቦርሳ ተነጥቆ፣ ተመትታም ነበር። ተከሳሹ ወጣት ነው። ከሩቅ አየሁት የሚል አንድ ምስክር አለ፣ በስፓኒሽ አስተርጓሚ ነው የተናገረው። ሲጠየቅ ሁሉ ወደ መሬት ያያል።

ክፍሉ ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ ድምፅ ሰጠን፤ 7 ሰው ጥፋተኛ፣ 5 ሰው አይደለም። እኔ ከ5ቱ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ ምስክሩን ጭራሽ አላመነችውም፤ «ዓይናችንን ማየት አልቻለም፣ ይዋሻል» አለች። ዝም ብዬ ነበር እስከዚያ፣ እንግሊዝኛዬ አስፈርቶኝ። ያኔ ግን ተናገርኩ። እኔ ያደግኩበት ቦታ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም አንገቱን ይደፋል፣ ቀጥ ብሎ ዓይን ማየት ድፍረት ነው አልኳቸው። አይዋሽም፣ እውነተኛ ሰው ነው። ግን እውነተኛ ሰውም ይሳሳታል። መብራቱ የት ነበር? ሰውየው የቆመው የት ነው? ፎቶዎቹ እንደገና ይምጡልን ብለን ዳኛውን ጠየቅን። አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነበር፤ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየለካ ጥላው የት እንደሚወድቅ አሳየን። ማንም አልጮኸም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ 12ታችንም ጥፋቱ አልተረጋገጠም አልን።

አልተረጋገጠም ማለት አላደረገም ማለት አይደለም። ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት የዐቃቤ ሕጉ ሸክም ነው፣ ተከሳሹ ንጹሕ መሆኑን ማስረዳት የለበትም። ይሄን ዳኛው ሦስቴ ነው የነገረን።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደህ? ሌላ ጊዜስ ትሄዳለህ?

ሁለት ሌሊት አልተኛሁም እህቴ። የልጁ እናት ስታለቅስ አይቻለሁ፣ በደስታ ነው። የተመታችዋን ሴትም ኮሪደሩ ላይ አይቻታለሁ፤ አጠገቤ አለፈች፣ ቀና ብላ አላየችኝም። አሁንም ትመጣብኛለች። ያደረግነው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሷ ግን ፍትሕ ሳታገኝ ነው የሄደችው፣ ሁለቱም እውነት ነው።

ባለፈው ወር ፎርሙ እንደገና መጣልኝ። በዚያው ማታ ሞልቼ ልኬዋለሁ።