የኦቾሎኒ ቅቤ ሎሚና ቃሪያ ይወዳል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለጾሙ ብዬ ባለ ኪሎውን የኦቾሎኒ ቅቤ ገዛሁ። ልጆቼ መጀመሪያ ላይ በዳቦና በማር፣ በዳቦና በሙዝ እያሉ ተሻሙበት። አሁን ግን ክዳኑ ሲከፈት ፊታቸውን ያዞራሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር በዳቦ እንደምትበላው ነገረችኝ። እውነት ይጣፍጣል? እኛ ቤት ከማይጠፋ ነገርስ ከምን ጋር ይሄዳል? (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ ይጣፍጣል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ኑሮ ክፉኛ በከበደበት ዘመን፣ በርካሽ የሚያጠግብ ምሳ ብለው ይበሉት ነበር። ዛሬም የሚወዱት አሉ። ነገሩ ቀላል ነው። ኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ማርና ሙዝ ስትጨምሪበት ከባድ በከባድ ላይ ይሆናል፤ ልጆችሽንም የሰለቻቸው ይሄው ይመስለኛል። ጎምዘዝ ያለ ነገር ሲያገኝ ግን ዘይቱ አፍ ላይ አይከብድም። ጨውና ቃሪያ ከገባበት ደግሞ ራሱን የቻለ ምግብ ይወጣዋል። ስለዚህ ማሩን ለጊዜው መደርደሪያው ላይ መልሺው።

ይህን የተማርኩት ካርቱም ሰው ቤት ምግብ ሳበስል ነው። የቤቱ ሴቶች የኦቾሎኒ ቅቤን ሰላጣ ውስጥ ሲያስገቡት ሳይ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። (የሱዳኑ ጦርነት ከተነሳ በኋላ የት እንደደረሱ አላውቅም፤ ፈጣሪ ይጠብቃቸው።) ከሁሉም የምወደው የደበርጃኑን ነው። ሁለት መካከለኛ ደበርጃን በክብ በክቡ ቁረጪና ጨው ነስንሰሽበት ትንሽ ይቆይ። ውሃውን ሲያወጣ ጠርገሽ በዘይት ጥበሺው። ቡናማ እስኪሆን አትቸኩዪ፤ ጥሬነት ያለው ደበርጃን ሁሉንም ያበላሻል። ከዚያ ከአንድ የተከተፈ ቲማቲም ጋር በሹካ ዳምጪው።

በሌላ ሳህን ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ አድርጊና አንድ ሎሚ ጭመቂበት። እዚህ ላይ እንዳትደነግጪ። ሎሚው ሲነካው ቅቤው ይጠጥራል፣ ነጣ ይላል፣ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም። ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመርሽ ማማሰልሽን ቀጥዪ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደ እርጎ ላላ ይላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና በደቃቁ የተከተፈ ቃሪያ ጨምሪና ከደበርጃኑ ጋር አዋህጂው። ቀዝቀዝ ሲል በዳቦ ብሉት። ደበርጃን ከሌለ ይኸንኑ ማባያ በቲማቲም፣ በቀይ ሽንኩርትና በኪያር ላይ አፍስሺው። እሱንም ሱዳኖች ያዘወትሩታል፣ የዳክዋ (የኦቾሎኒ ቅቤ) ሰላጣ ነው።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ፣ ጎመን አለልሽ። ዚምባብዌዎች ጎመንን በኦቾሎኒ ቅቤ ይሠራሉ። ጎመንሽን እንደወትሮው በሽንኩርትና በዘይት አብስዪ። ሊወጣ ሲል አንድ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪበት። እሳቱን ቀንሺና ቶሎ ቶሎ አማስዪው፣ ካለዚያ ታች ይይዛል። እንጀራ ላይ ሲወጣ ልጆችሽ ጎመን መሆኑን ረስተው ይበሉታል።

እኔ ጠዋት የምበላው ዳቦ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ከላዩ ስስ ዳጣ ነው። ለልጆቹ ዳጣው ከበዛባቸው ሎሚና ጨው ይበቃል። ትኩስ ቆጮ ላይም ቀቢው፤ የቆጮው ኮምጠጥ ማለት የሎሚውን ሥራ ይሠራልሻል። የተቀቀለ ስኳር ድንች ከሆነ ግን አዋዜ የግድ ነው፣ ካልሆነ ጣፋጭ በጣፋጭ ይሆናል። ሽሮ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ እኔ አልመክርሽም። ጥሩ ሽሮ የራሱ ጣዕም አለው፣ ኦቾሎኒው ይውጠዋል።

የገዛሽው ስኳር ያለበት ከሆነ ሎሚውንና ጨውን ጨመር አድርጊ። ያልኩሽ ሁሉ የጾም ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ልፈጨው አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ኦቾሎኒ ልግዛ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የባቢሌን ካገኘሽ እሰየው፤ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ መንገድ ላይ ያለችው ባቢሌ በኦቾሎኒዋ የታወቀች ናት። ከየትም ይምጣ፣ ዋናው መልቀሙ ነው። የሻገተውን፣ የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ አውጥተሽ ጣዪ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመጣል፤ መቁላት ጨርሶ አያጠፋውም። ስትቀምሽው የሚመርርሽንም አትዋጪው።

በዝግታ ቁዪው፣ አሽተሽ በሰፌድ አንፍሺው፣ ሳይቀዘቅዝ ፍጪው። ሞቅ እንዳለ ሲፈጭ ዘይቱ ቶሎ ይወጣል፣ ሌላ ዘይት አያስፈልግሽም። እንግዳ ከመጋበዝሽ በፊት ግን ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው እንዳለ ጠይቂ። አለርጂው ያለበትን ሰው ትንሽ ቅምሻ እንኳ ሆስፒታል ልታደርሰው ትችላለች።