ተንሳፋፊዋ ዝንብ ለምን በጎኗ ትጋደማለች?

ጥያቄ፦ ለትራውት ዓሣ ማጥመጃ የሚሆኑ፣ ሜይፍላይ የተባለውን ነፍሳት የሚመስሉ ሰው ሠራሽ ተንሳፋፊ ዝንቦችን በመንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር በክር እያሰርሁ በእጄ እሠራለሁ። ቀለማቸውን ከተፈጥሮው ጋር ለማመሳሰል ብዙ ብጥርም ውኃው ላይ ሲያርፉ በጎናቸው ይጋደማሉ፤ ጥቂት ቆይተውም ይሰምጣሉ። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለቀለም የተጉትን ያህል ለልክና ለላባ ምርጫ ቢተጉ ችግሩ የሚቃለል ይመስለናል። ከእጭነት የወጣው ሜይፍላይ ለመብረር እስኪዘጋጅ ድረስ ክንፎቹን እንደ ጀልባ ሸራ ሽቅብ አቁሞ በውኃው ገጽ ላይ ይንሳፈፋል። የእርስዎንም ዝንብ በዚያው አኳኋን የሚያቆሟት ጅራቷና በአንገቷ ዙሪያ የሚጠመጠመው ላባ ናቸው። ጅራቷ ከጠንካራ የላባ ዘርፎች፣ ማለትም ከላባው ግራና ቀኝ ከሚወጡት ቀጫጭን ጭረቶች፣ ተሠርቶ ርዝመቱ ከመንጠቆው ዘንግ፣ ማለትም ከቀጥተኛው ክፍሉ፣ ጋር እኩል ይሁን፤ ካጠረ ወይም ከለሰለሰ ኋላዋ ይሰምጣል። ክንፎቹ ከዘንጉ ርዝመት ከበለጡ፣ ወይም አንዱ ከሌላው ከከበደ፣ እርስዎ የገለጹት መጋደም ይከተላል።

ስለ ላባው ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። የሴት ዶሮ ላባ ለስላሳና ውኃ የሚመጥ በመሆኑ ለሰማጭ ዝንብ እንጂ ለተንሳፋፊ አይሆንም፤ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ፣ ዘርፎቹ የሚያብረቀርቁና ሲያጎነብሷቸው ወዲያው የሚመለሱ ላባ ይምረጡ። የዘርፎቹም ርዝመት የመንጠቆው አፍ ስፋት (በሹሉ ጫፍና በዘንጉ መካከል ያለው ርቀት) አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መሆኑን አስቀድመው ይለኩ። ከክንፎቹ ኋላ ሁለት ሦስት ዙር፣ ከፊታቸውም ያንኑ ያህል ጠምጥመው፣ ክሩን ለማሰር በመንጠቆው ራስ ላይ ባለው ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተዉ።

ለገላዋ የሚሆነው ጸጉር በክሩ ላይ በስሱ ይጠምዘዝ፤ ወፍራም ገላ ውኃ ይቋጥራል፣ ተፈጥሯዊው ሜይፍላይም ቀጭን ነው። እንደ ቢቨር ያሉ በውኃ የሚኖሩ እንስሳት የውስጥ ጸጉር ለዚህ ይመረጣል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ሌን ሃላዴይ የተባለ ዝንብ ሠሪ በአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት የሠራው አዳምስ የተባለ ዝንብ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ግራጫ ገላና የቡናማና የዝንጉርጉር ላባ ድብልቅ ያለው ሲሆን፣ የትኛውንም አንድ ዝርያ በትክክል ሳይመስል ብዙዎቹን ተክቶ ዛሬም ያገለግላል።

ውኃው ጸጥ ያለ ከሆነ ላባው በክንፉ ሥር አግድም የሚጠመጠምበትን፣ ፓራሹት የሚባለውን አሠራር ይሞክሩ፤ ዝንቧ ዝቅ ብላ ስለምትቀመጥ በቀላሉ አትገለበጥም። ማንሳፈፊያ ቅባቱን ከመጀመሪያው ውርወራ በፊት ይቀቧት፤ ዓሣ ከያዘችልዎ በኋላም አጥበውና አድርቀው እንደገና ይቀቧት።