የአርበኛውን ሜዳይ ገዛሁ፤ ልጃቸው መልስ አሉኝ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። በጦርነት ጊዜ ሳይገደዱ ቀያቸውን ሊጠብቁ የወጡ ሰዎች ያደረጓቸውን ዓርማዎች መሰብሰብ ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በ1969 ዓ.ም. ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ከዘመተ አጎቴ የቀረች ቀይ ኮከብ አለችኝ፤ እንግሊዝ አገር ያለ ጓደኛዬ በስጦታ የላከልኝ ሁለት የሆም ጋርድ (በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀያቸውን ሊጠብቁ የወጡ የእንግሊዝ በጎ ፈቃደኞች) የኮፍያ ዓርማም አለኝ። ባለፈው ጥር ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ወጣት የአርበኝነት ሜዳይ ከነምስክር ወረቀቱ በ4,500 ብር ሸጠልኝ። «የአያቴ ነው» አለኝ። ብሩን በቴሌብር ላክሁለት፤ መታወቂያውንም በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። በሁለተኛው ወር አክስቱ ነኝ ያሉ ወይዘሮ ከዘጌ መጥተው «የአባቴን ሜዳይ መልስ፤ አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኛለን» አሉኝ። መመለስ አለብኝ? እንግሊዝ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ ሜዳዩን በጥሩ ዋጋ የሚገዛ ሰው አለ ይለኛል፤ በፖስታ ብልከው ያስጠይቀኛል? ከሜዳዩ ጋር አብሮ የሰጠኝ ዝናር አለ፤ አምስት ጥይት ተሰክቶበታል፤ ያረጀ ነው።

መልስ፦ ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልጀምር። ስለ ጥይቶቹ የጻፉት ለወጉ ያህል በአንድ መስመር ነው፤ እኔን ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን እሱ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ብቻ ሳይሆን ጥይት መያዝንም ይከለክላል። «ለታሪክ ያስቀመጥሁት ነው» የሚለው መልስ ችሎት ፊት ቅጣት ያቀልል ይሆናል፤ ኬላ ላይ ለቆመ ፈታሽ ግን አምስት ጥይት አምስት ጥይት ነው። ዝናሩ ቆዳ ስለሆነ ይቀመጥ። ጥይቶቹን ግን በቦርሳ አንጠልጥለው ወደ ጣቢያ እንዳይሄዱ፤ መንገድ ላይ ቢያዙ «ላስረክብ እየሄድሁ ነበር» የሚለውን ማን ያምንልዎታል? አስቀድመው ለፖሊስ ደውለው ወይም በቀበሌ በኩል አሳውቀው መጥተው እንዲወስዱ ያድርጉ። ብዛቱና ከምን ጋር እንደተገኘ የተጻፈበት የርክክብ ወረቀትም ይቀበሉ። እስከዚያው በጉጠት ለመፍታት የሚሞክር ሰው እንዳይጠጋቸው፤ ባሩድ ዕድሜ ስለቆጠረ ብቻ አይሞትም።

አሁን ወደ ሜዳዩ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (የ1952ቱ) በእጅ ላለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ መልካም ፊት ያሳያል። አንቀጽ 1193 ዕቃውን በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ የማስረዳቱ ሸክም መጀመሪያ የሚወድቀው በወይዘሮዋ ላይ ነው እንጂ በእርስዎ ላይ አይደለም። አንቀጽ 1161 ደግሞ ሻጩ የመሸጥ መብት አለው ብሎ በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ የተረከበ ገዢ፣ ሻጩ ባለቤት ሆኖ ባይገኝ እንኳ፣ የዕቃው ባለቤት ይሆናል ይላል። የክርክሩ ቁልፍ እንግዲህ «ቅን ልቦና» የምትለዋ ናት።

የላኩልኝን የመታወቂያ ፎቶ አየሁት። የወጣቱ ሦስተኛ ስም ምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው የአርበኛው ስም ጋር አንድ ነው። ይህ ለእርስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ «የአያቴ ነው» ያለውን መታወቂያው ደግፎለታል፤ ማንም አስተዋይ ገዢ ያምነው ነበር። ገበያው ሰው ሁሉ የሚያየው ነው፤ ክፍያው በስም ተመዝግቧል፤ ተደብቆ የተደረገ ነገር የለም።

ግን ያው ሦስተኛ ስም በሌላ ፊቱ ይከስዎታል። አያት ካሉ ልጆችም ነበሩ ማለት ነው። በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። የልጅ ልጅ የሚገባው በሞተው ወላጁ ቦታ ነው። ለመሆኑ የወጣቱ አባት በሕይወት አለ? ካለ፣ ወጣቱ ከአያቱ ውርስ በራሱ ስም የሚያገኘው ነገር የለም፤ ሜዳዩን የሸጠልዎ በባዶ እጁ ነው። አባቱ ቀደም ብሎ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ከአክስቱ ጋር የጋራ ባለቤት ነው፤ ያኔም ቢሆን ብቻውን የመሸጥ ሥልጣን የለውም። «አባትህ አለ ወይ?» የምትለው አንዲት ጥያቄ ቅዳሜ ገበያ ላይ ብትጠየቅ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። ተቃራኒ ጠበቃ ብሆን የምይዝዎ በዚህች ነው። ታሪክ መምህር ነዎት፤ ለዕቃው እንግዳ አይደሉም፤ መጠየቅ ነበረብዎ እላለሁ። ዳኛ በየትኛው ያጋድላል? በእኔ ግምት ወደ እርስዎ፤ ግን ጠባብ ነው።

ይህን ሁሉ የሚገለብጥ አንድ ነገር አለ። ሜዳዩ ከወይዘሮዋ ሳጥን የተሰረቀ መሆኑን ካስረዱ፣ የገዢ ቅን ልቦና ለብቻው አያድንም፤ መመለስ ይመጣል። በገበያ በግልጽ የገዛ ሰው የከፈለውን ዋጋ ሳይቀበል እንዳይለቅ ሕጉ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ 4,500 ብርዎን ሳያገኙ እንዲለቁ አይገደዱም። በአንጻሩ ሜዳዩ ቤተሰቡ ወዶ በወጣቱ እጅ የተወው ከሆነና እሱ ከድቶ ከሸጠ፣ የወይዘሮዋ ክስ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ነው፤ ከእርስዎ ጋር አይደለም። ስለዚህ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚያዳምጡት «የት ተቀምጦ ነበር? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነበር?» የሚለውን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ወይዘሮዋ መጥተው ከነገሩዎ ቀን ጀምሮ እርስዎ የጥር ቅዳሜው ገዢ አይደሉም። ስርቆት ነው መባሉን እያወቁ ቢሸጡት ወይም ቢሰውሩት፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘን ዕቃ ስለ መሸሸግ የሚለው ይነሣብዎታል። ስለዚህ አሁን ሜዳዩ ባለበት ይቀመጥ። እንዳይወለውሉትም፤ ሰብሳቢ ስለሆኑ ይህን እኔ አልነግርዎትም ነበር፤ ግን ማስረጃም ስለሆነ ነው።

ፎቶውን ሳየው ሌላም ነገር አስተዋልሁ። ጥብጣቡ ላይ የተሰኩት ዘንባባዎች አምስት ናቸው። ዘንባባው አርበኛው በዱር የቆየበትን ዓመት የሚቆጥር ስለሆነ ቤተሰብ «ባለ አራት»፣ «ባለ አምስት» እያለ የሚኮራበት ነው። የእርስዎ ግን አምስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ያበራል፤ እግሩም በአዲስ ሽቦ የታሰረ ይመስላል። ምስክር ወረቀቱ ስለ ዘንባባ የሚለው ካለ ያመሳክሩት። አራት ብሎ ጥብጣቡ አምስት ከሆነ፣ አንድ እጅ ዋጋ ሊያስወድድ ጨምሮበታል ማለት ነው። ያ እጅ የሻጩ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1704 ተንኮል ነው፤ ውሉ እንዲፈርስልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ግን በአንቀጽ 1810 የማፍረሻው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ እያዩ አያሳልፉት።

ፍርድ ቤት ግን ልላክዎ አልወድም። በያዝሁት አንድ የውርስ ጉዳይ እኅትማማቾች መሬቱን፣ በሬውንና የቡና ተክሉን ያለ ጭቅጭቅ ተካፍለው፣ በአባታቸው ሜዳይ ይግባኝ ሲባባሉ አይቻለሁ። ዋጋ የሌለው ዕቃ ነው ከሁሉ የሚያጣላው። ሽማግሌ ይላኩ፤ ወጣቱም ይኑርበት፤ ብሩን የበላው እሱ ነውና። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የከፈልሁትን ተቀብዬ ሜዳዩንም ወረቀቱንም እመልስና፣ በምትኩ ፎቶ እንዳነሣ፣ የአርበኛውንም ታሪክ ከወይዘሮዋ አፍ እንድመዘግብ እለምናለሁ። አሸንፌ እይዘዋለሁ ካሉ ግን መብትዎ ነው፤ ክርክሩ የሚያሳፍር አይደለም። የተስማሙበትን በጽሑፍ አድርገው በምስክር ያስፈርሙ፤ በአንቀጽ 3307 መሠረት በእርቅ የተዘጋ ክርክር ውል ነውና ነገ ሌላ አክስት ቢመጣ መልስ ይኖርዎታል።

በፖስታ ስለ መላክ፦ አይላኩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ግን ይከለክላል። ሜዳይ ቅርስ ነው ወይስ ተራ ማስታወሻ የሚለውን የምንወስነው እርስዎም እኔም አይደለንም፤ ባለሙያው ነው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እዚያው ከተማዎ ውስጥ ነው፤ ይዘው ሄደው ያሳዩ፤ የሚሰጡዎትን ወረቀት ይያዙ። ያለዚያ ወረቀት ፖስታ ቤት ወይም አየር ማረፊያ ቢገኝ «ገዝቼው ነው» ማለት ጉዳዩን ያባብሰዋል እንጂ አያቀልለውም።

የአጎትዎ ኮከብ አያሳስብም። ደረት ላይ አድርገው በበዓል አይውጡበት፤ ያልተሸለሙትን ማድረግ ያስጠይቃል። በስብስብዎ ላይ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ የማንኛውም ታጣቂ ኃይል ዓርማ እንዳይጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በዚህ ጊዜ ኬላ ላይ ስለ ስብስብ የሚያስረዱበት ፋታ የለም።

ስለ እንግሊዞቹ ሁለት ቃል። የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር የነበረው አንቶኒ ኢደን በራዲዮ ከ17 እስከ 65 ዓመት ያሉ ወንዶችን የጠራው ግንቦት 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የጎጃም አርበኛ ዱር ከገባ ዓመታት አልፈውት ነበር። የእነሱ ገበሬ መጀመሪያ የታደለው የክንድ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ሆም ጋርድ የሚለው ስም በዚያው ክረምት መጣ፤ ኅዳር 24 ቀን 1937 ዓ.ም. ተበተኑ። ለሕጉ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ ሆም ጋርዶች ኮፍያቸው ላይ ያደርጉ የነበረው የየአውራጃቸውን መደበኛ ክፍለ ጦር ዓርማ ነው። ስለዚህ የኮፍያ ዓርማው ብቻውን የማን እንደነበር አይናገርም። ስጦታ ስለሆነ ጓደኛዎን የሚጠይቁት ነገር የለም። ነገ «የሆም ጋርድ ነው» ብለው ሲሸጡት ግን የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ከጓደኛዎ የመጣበትን ፖስታ አልጣሉትም ይሆን? ካለ ከነማኅተሙ ያስቀምጡት።

ከወይዘሮዋ ጋር ከመገናኘትዎ በፊት ደግሞ የቴሌብሩን ማረጋገጫና የመታወቂያውን ፎቶ በወረቀት ያሳትሙ። ስልክ ታንኳ ላይ ይወድቃል።