ልጅ ወልደን ሳለ በቁርባን መጋባት እንችላለን?

ጥያቄ፦ ከእጮኛዬ ጋር ጅማ ውስጥ አብረን መኖር ከጀመርን 3 ዓመት ሆነን፤ ሴት ልጅም አለችን። ሁለታችንም ኦርቶዶክሳውያን ነን። ቡናው ተሽጦ በጥር ልንደግስ አስበናል። ዘመዶቻችን ግን «ተክሊል የደናግል ነው፤ እናንተ ማዘጋጃ ፈርሙና ደግሱ፣ ቁርባኑ ስታረጁ ይደርሳል» ይሉናል። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ተክሊል፣ ማለትም ሙሽሮች አክሊል የሚደፉበት የጋብቻ ጸሎት፣ በድንግልና ለኖሩ የተሠራ ሥርዓት መሆኑ እውነት ነው። «ስታረጁ ይደርሳል» የሚለው ግን ስንቱን ባለትዳር ዕድሜ ልኩን ቅዳሴ አስቀድሶ ሳይቆርብ እንዲመለስ ያደረገ ስሕተት ነው። እናንተን ያለፋችሁ አክሊሉ እንጂ የተቀደሰው ጋብቻ አይደለም። ንስሐ ገብታችሁ፣ ለንስሐ የሚሰጣችሁን ቀኖና (ጾም፣ ጸሎትና ስግደት) ፈጽማችሁ፣ በጸሎትና በቅዱስ ቁርባን ትጋባላችሁ። ካባ ተከራይቶ አዳራሽ መግባት ይህን አይተካም።

ልጃችሁን በ80 ቀኗ ክርስትና ስታስነሷት ሥጋውንና ደሙን ተቀብላለች። ሕፃኗ የቆረበችውን ወላጆቿ እስከ ሽበት የሚያቆዩት በምን ምክንያት ነው? ጌታችን «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» ሲል (ዮሐ. 6፥56) ዕድሜ አልለየም። ብዙዎች «ከቆረብን በኋላ መፋታት የለም» ብለው ይፈራሉ። ይህን የሚፈራ ሰው ከቁርባኑ በፊት ትዳሩን ራሱን ደግሞ ያስብበት፤ በልቡ መውጫ በር ትቶ መግባት ለማንም አይበጅም።

አሁኑኑ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ምንም አትደብቁ። የቀኖናውን ልክ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው፤ እስኪፈጸም ድረስ በአንድ አልጋ መተኛት ይቅር። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚመጣ ሰው ቀኖናውንም ትምህርቱንም በጥድፊያ ሊያልፍ ይፈልጋል፤ ይህ ንስሐ አይባልም። ከየአጥቢያችሁ ሰበካ ጉባኤ የአባልነት ማስረጃ አውጡ፤ የክርስትና ስማችሁንና ምስክሮቻችሁን አዘጋጁ። ጋብቻውን በቀበሌ ማስመዝገብም አይቅር።

ሰርጉ በጾም ላይ እንዳይወድቅባችሁ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት የዓመቱን አጽዋማት ጠይቁ። ጾመ ነቢያት የሚፈታው በልደት ነው። የነነዌ ጾም መግቢያ ደግሞ ከጥር 17 በታች አይወርድም፣ ከየካቲት 21 በላይ አይወጣም፤ እንደ ዓመቱ ጥር ውስጥ ሊገባባችሁ ይችላል። የጥምቀት ገሃድም (የዋዜማው ጾም) አለ። አዳራሹ ተይዞ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ካህኑን «ይፍቀዱልን» ብሎ ማስጨነቅ አይገባም።

በሰርጉ ቀን ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው የ18 ሰዓቱ ጾም ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የምትቆርቡ ከሆነ ከዋዜማው ቀን 9 ሰዓት ጀምሮ እህልም ውኃም የለም። በእኛ አገር ሌሊቱን ሙሉ ቡና ይፈላል፤ አንቺን ለማበርታት ብለው ስኒ የሚያቀብሉሽ አክስቶች አይጠፉምና ቀድመሽ ንገሪያቸው። የከንፈር ቀለም አትቀቢ። ቅዳሴው ፎቶ አንሺ አይጠብቅም፤ ከቅዳሴ በፊት ያለው የኪዳን ጸሎት ሳይጀመር ከቤተ ክርስቲያን ድረሱ። ሙሽሮች ሚዜና መኪና ሲጠብቁ ወንጌል ከተነበበ በኋላ ይደርሱና ሳይቆርቡ ይመለሳሉ፤ የዚያን ዕለት ዋናው ነገር የቀረው እንግዲህ ለማን ተብሎ ነው?