«የእናቴን የሕይወት ታሪክ ጻፊ ተባልኩ፤ ወንድሜ ግን ውሸት ነው ይላል»

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፤ 34 ዓመቴ ነው። እናቴ በሆስፒታል ማምከኛ ክፍል (የሕክምና ዕቃ ከጀርም በሚጸዳበት) ረጅም ዘመን ሠርታ፣ ወር በገባ በ19 ገብርኤልን ሳታስታጉል ኖራ ከሦስት ሳምንት በፊት ዐረፈች። ለአርባዋ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አዘጋጂ ተብያለሁ። ታናሽ ወንድሜ «ለቤተ ክርስቲያንና ለሆስፒታል እንጂ ለእኛ መቼ ነበረች?» ሲል፣ ታላቅ እህቴ «ሙት አይወቀስም» ብላ ተኮራርፈዋል። እኔ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኛል፤ እንባም አልመጣልኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

የጠቡ ሥር ጽሑፉ አይመስለኝም። ወንድምሽ የሚያስታውሰው እናቱ የሌሊት ተረኛ የሆኑባቸውን ቀናት ነው፤ ቅሬታውም ሐዘን ነው። ዝም በል ከተባለ ነገ በተዝካር ወጪ ወይም በውርስ ሰበብ ይፈነዳል።

ስለዚህ ሁለት ጽሑፍ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ለማንም የማይነበብ ነው። አንቺም እሱም ለየብቻ ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለእናታችሁ ደብዳቤ ጻፉ፤ ምስጋናውም ቁጭቱም ይውጣ፣ ስለ ፊደል አትጨነቁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔንቤከር በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ዘዴ ነው። ሐዘኑን አያጠፋውም፤ የታፈነውን ቃል ግን ያወጣል። ወደ መኝታ ስትሄዱ አትጻፉ፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከከበዳችሁም አቁሙ።

ሁለተኛው ለአርባው ነው። የትውልድ ቦታቸውን፣ የክርስትና ስማቸውን (ለፍትሐቱም ይጠየቃል) እና የተቀጠሩበትን ዓመት አስቀድመሽ ያዢ፤ የቅጥሩ ዘመን በሆስፒታሉ የሰው ኃይል ክፍል ከግል ማኅደራቸው ይገኛል። ከዚያ ሥራቸውን በዝርዝር ጻፊ፤ ብዙ ልጆች እናታቸው ምን ስትሠራ እንደምትውል አያውቁም። ማምከኛ ክፍል የሚሠራ ሰው ጎዝ ያጥፋል፣ መቀሱንና መቆንጠጫውን በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ኦቶክሌቭ በሚባለው፣ በታመቀ እንፋሎት ጀርም በሚገድል ማሽን ውስጥ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት 30 ደቂቃ ያህል ያቆያል። ዕቃው ተጣብቦ ከተደረደረ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ጥቅሉ እርጥብ ሆኖ ከወጣ ጀርም ስለሚያሳልፍ እንደገና ተጠቅልሎ ይመለሳል። ይህን ችላ ያለ እጅ የሰው ቁስል ያስመረቅዛል። እኩለ ሌሊት በኦፕራሲዮን የምትወልድ ሴት ስትገባ ሐኪሙ የሚፈታው ያንን ጥቅል ነው። ወንድምሽ ይህን ማወቁ ናፍቆቱን አይሽርለትም፤ እናቱ የት እንደነበሩ ግን ያያል።

አብረዋቸው ከሠሩት ሁለት ሰው፣ ከሰንበቴያቸው ደግሞ አንድ ሰው አነጋግሪ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ካልሽ «ደግ ነበሩ» ተብሎ ያልቃል። «ተረኛ ሆነው ሳለ ምን ሲያደርጉ አያችሁ?» በያቸው።

«አንድም ቀን ተቆጥተው አያውቁም» የሚል ነገር አትጻፊ። ወንድምሽን ከድንኳኑ የሚያስወጣው እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። በምትኩ «ሌሊቱን ሠርተው፣ ኪዳን አድርሰው ቤት ሲደርሱ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሄደው ነበር» ማለት ይቻላል፤ ማንንም አይወቅስም፣ አይዋሽምም። ሳይነበብ በፊት ለሁለቱም አሳዪአቸው። ከ400 ቃላት አይብለጥ፣ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። አንቺ አታንብቢው፤ ድምፁ የማይቆራረጥ ዘመድ ያንብበው።

እንባሽ አለመምጣቱ አያስፈራሽ፤ ፍቅርሽንም አይለካም። የሐዘን ተመራማሪዎቹ ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዱት ሐዘንተኛ ወደ ናፍቆቱና ወደ ኑሮው ይመላለሳል፤ ድንኳንና ዕድርተኛ የምታስተናግድ ልጅ ደግሞ ኑሮው ላይ ትከርማለች። ከ6 ወር በኋላም ናፍቆቱ በየቀኑ ሥራና ምግብ የሚከለክልሽ ከሆነ ግን፣ ወይም ዛሬም ቢሆን «ልከተላት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። ለወንድምሽም ይኸው ይሠራል፤ ወንድ ልጅ ሐዘኑን በቁጣ ሲገልጥ ብዙ ጊዜ ማንም አያስተውለውም።