መልስ፦ ጫማ ነጥቆ ስለሚሮጠው ወጣት ውሻ

የሰባት ወር ዲቃላ ውሻዎ ጫማ እየነጠቀ እንደሚሮጥና እንግዳ ላይ እንደሚዘል ገልጸው ምን ላድርግ ብለው ጠይቀውኛል። ጫማ ነጥቆ ሲሮጥ አያሳድዱት፤ መሳደድ ለእሱ ጨዋታ ስለሆነ ነገም ይደግመዋል። በምትኩ ቁራሽ የተቀቀለ ሥጋ አሳይተው «ልቀቅ» ይበሉት፣ ጫማውን በጣለበት ቅጽበት ሥጋውን ይስጡት። ይህን ብዙም በማይጓጓለት ዕቃ ጀምረው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከአምስት ደቂቃ ሳያስበልጡ ያለማምዱት።

እንግዳ ላይ መዝለሉን በተመለከተ፣ አራቱም እግሮቹ መሬት እስኪነኩ ድረስ ማንም አያናግረው፣ በእጁም አይግፋው። ልጆቹም ሆኑ ዘበኛው ይህንኑ ካልጠበቁ፣ አንዱ የከለከለውን ሌላው እየፈቀደለት ውሻው ግራ ይጋባል።

ከልምምዱ በፊት ጉልበቱን የሚያወጣበት የእግር ጉዞ ያስፈልገዋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተቡን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከልምዴ የማስጠነቅቅዎ፣ ረብሻው ሲያስመርርዎ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት እንዳያስሩት ነው። እንዲህ ታስረው ማታ ብቻ የሚለቀቁ ወጣት ውሾች የተጠራቀመ ጉልበታቸውን በሰው ላይ ሲያወጡ፣ አንዳንዶቹም ታስረው ሳሉ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ የቀረባቸውን ሁሉ ለመንከስ ሲሞክሩ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ማሰር ግድ ከሆነ እንግዳ እስኪገባ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ የሚያኝከው ነገር ሰጥተው ይሰሩት።